አደራ በሌላ ሰው ስም አይጻፍም

— ሄሎ... ሄሎ፣ ማርዬ? ገባሽ ልጄ? እሰይ፣ ተመስገን፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ... ምን? ጮክ በይ እስቲ፣ ይቆራረጣል።

የሺሀረግ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ ነው የምታወራው፤ ሁለት እጇ በዱቄት ተለውሷል። በረንዳው ላይ አሳ እየጠበሰች ነበር። አሳው ደግሞ እንዲያው የምሳ አሳ እንዳይመስላችሁ፤ የጭንቅ አሳ ነው። እንግዳዋን ለማቆየት ከጧት ጀምሮ ያላደረገችው የለም። ሻይ አፍልታለች፣ ሽምብራ ቆልታለች፣ ስለ ልጆቹም ስለ ዝናቡም ስለ ሞቱትም ጠይቃ ጨርሳለች። ወሬ ሲያልቅባት ነው አሳው ትዝ ያላት። እንግዳዋ ዑምኩልሱም ሙስሊም ናት፣ የሺሀረግ ክርስቲያን፤ ሥጋ እንደሆነ አይበላሉም። የሐይቅ አሳ ግን የማን ቢላዋ አረደው አይባልም፣ ለሁለቱም ነው። «ሳትቀምሺ ከወጣሽ እቀየምሻለሁ» ብላ አስቀመጠቻት።

ዑምኩልሱም ግን ከውጫሌ ድረስ በሚኒባስ ተሳፍራ የመጣችው ለአሳ አይደለም። አደራ ያስቀመጠችውን ወርቋን ልትወስድ ነው። የልጇ የራህመት ኒካህ እሁድ ነው። ወርቁን ቅዳሜ እወስዳለሁ ብላ ነበር፤ ኋላ ደሴ ወስዳ ለወርቅ ሠሪ ልታስወለውለው አሰበችና ሐሙስ ከተፍ አለች።

— ምነው ድምፅሽ? ታመሻል እንዴ? ... ታዲያ ለምንድነው የምታለቅሺው? ... የት? የት አስቀመጡሽ?

ከውስጥ ዑምኩልሱም ማን እንደሆነ ጠየቀች።

— ማርያማዊት ናት ዑምዬ። ቦሌ ደርሳለች... እሺ፣ እነግራታለሁ። ማርዬ፣ እትዬ ዑምኩልሱም ሰላም ብላሻለች... አዎ። እዚህ ናት። እኔ ቤት... ዛሬ መጣች። ሄሎ? ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?

ልጅቱ ብትደነግጥ አይፈረድባትም፤ የዑምኩልሱም ወርቅ ያለው እሷ ዘንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሴቶች ድሮ ሐይቅ ከተማ በአንድ አጥር ነበር የሚኖሩት። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ ዑምኩልሱም ልጆቿን ይዛ ስትሸሽ የሺሀረግ አልጋ የያዘች እናቷን ጥላ መሄድ አልቻለችምና ቀረች። ዑምኩልሱም ከእናቷ የወረሰችውን ሐብል፣ አምባርና ጉትቻ በቀይ መሀረብ ቋጥራ ሰጠቻት። የሺሀረግ ዶሮ ቤቱ ሥር ቆፍራ ቀበረችው። ቤቱን የፈተሸው ፈተሸ፣ የተወሰደው ተወሰደ፤ መሀረቡ ግን ከነቋጠሮው ተረፈ። ሰላም ሲሆን ዑምኩልሱም ውጫሌ ገብታ ጨርቅ መነገድ ጀመረች። ቤቷ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ስለሆነ፣ ያንቺ እጅ ካቆየው እዚያው ይቆይ ብላ ተወችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ልየው ብላ አታውቅም።

ጦርነት ያልወሰደውን ወርቅ ታዲያ ሠርግ ወሰደው። የየሺሀረግ ልጅ ዝናው ዱባይ ነው ያለው፤ እዚያው ሚስት ሊያገባ ሆነ። ከሙሽራው ወገን ከአገር ቤት የሄደች እህቱ ማርያማዊት ብቻ ናት። የሙሽራይቱ ዘመዶች ያላቸው ሰዎች ናቸው ሲባል የሺሀረግ ሰማች። ልጇ በዚያ ሁሉ ወርቅ መሃል ባዶ አንገቷን ስትቆም ታያት፤ እንቅልፍ አጣች። ዑምኩልሱም ሳትፈልገው ይመለሳል ብላ መሀረቡን የፈታችው ያን ሰሞን ነው።

— እሺ አታልቅሺ። ረጋ ብለሽ ንገሪኝ። ማን ያዘሽ? ... ጉምሩክ? ... ዕቃውን? ዕቃውን አዩት?

«ወርቅ» እንዳትል ምላሷን ነከሰችው። በሩ ክፍት ነው፤ ዑምኩልሱም እዚያች ወንበር ላይ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ፎቶ ሥር ተቀምጣለች።

— ዑምዬ፣ እስቲ አሳውን ገልብጪልኝ፣ እንዳያርብኝ። እኔ ወደ ጓሮ ልውጣ፣ እዚህ ኔትወርክ የለም።

ኔትወርክማ ነበረ። የሺሀረግ ጓሮ ወጥታ ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ቆመች። ከለቅሶው መሃል እንደ ምስር ለቅማ ያገኘችው ይህን ነው። ማርያማዊት ሻንጣዋን ይዛ ስታልፍ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ አስቆማት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ እህቴ እያለ ነው ያናገራት። ወርቁን ከዚህ ይዘሽ ነው የወጣሽው ወይስ እዚያ ገዝተሽው ነው ብሎ ጠየቃት። ከዚህ ይዤው ነው የወጣሁ አለች። ስትወጪ አስመዝግበሻል ወይ ሲላት ግን አላስመዘገብኩም አለች። የከበረ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው ሲወጣ ካላስመዘገበ፣ ሲመለስ ያው ዕቃ መሆኑ በምን ይታወቃል፤ ከውጭ እንደተገዛ ነው የሚታየው። ቀረጥ አለው። ማስረጃ እስኪመጣ ደግሞ እነሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ደረሰኝ ይሰጧታል።

— እስከ መቼ ነው የሚቀመጠው? ... ባለቤቷ ማስረጃ ይዛ እስክትመጣ? እሁድ እኮ ነው ኒካሁ። እሁድ! ... አይ፣ አይ፣ ራስሽን አትውቀሺ። አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ እንጂ። ላስመዝግብ ወይ ብለሽ ደውለሽ ጠይቀሽኛል እኮ። እኔ ነኝ እንዳታደርጊው ያልኩሽ።

እውነቷን ነው። ማርያማዊት ስትሄድ እዚያው ቦሌ ሆና ደውላ ነበር። ውድ ዕቃ የያዘ ያስመዝግብ እየተባለ ነው፣ ላስመዝግብ ወይ ብላ ጠየቀች። የሺሀረግ ደንግጣ፣ በማን ስም ነው የሚጻፈው አለች። በእኔ ስም ነዋ አለች ልጅቱ። የሺሀረግ ያን ጊዜ የመለሰችውን ቃል ዛሬ ዶሮ ቤቱ አጠገብ ቆማ ታስታውሰዋለች። «እንዳታደርጊው። አደራ በሌላ ሰው ስም አይጻፍም። የተጻፈ ቀን ሌብነት ይሆናል።»

የሰው ነገር ይገርማል እኮ። አደራውን ሳታስፈቅድ ማውጣቱን ዋጥ አድርጋዋለች፤ በሌላ ስም መጻፉ ነው ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረው። ሌባ ላለመሆን ብላ ነው ለጉምሩክ የሰጠችው።

— የምን ፎቶ? ... አሃ፣ የግድግዳውን? ስልክሽ ላይ አለ እንዴ? ... አሳየሽው? ምን አለ ታዲያ?

የየሺሀረግ ቤት ግድግዳ ላይ የዑምኩልሱም የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ደሴ ያሉ ፎቶ አንሺ መጥተው ያነሱት ነው። ሙሽራዋ ያን ሐብል አጥልቃ ቆማለች፤ አጠገቧ የሺሀረግ በነጠላ ተሸፍና ትስቃለች። ማርያማዊት ይህን ፎቶ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምትወደው በስልኳ አንስታው ነበር። የጉምሩክ ሠራተኛው ቢቸግረው፣ ወርቁ ድሮም እዚህ እንደነበረ የሚያሳይ ፎቶ እንኳ የለሽም ወይ ሲላት አውጥታ አሳየችው። አስፍቶ፣ አጥብቦ አየው። ሐብሉ ያው ነው አለ። ሙሽራዋ ግን አንቺ አይደለሽም።

— እና ምን ይፈልጋል? ... ባለቤቷን ማናገር? ... ቃሏን ሲሰማ ነው ለአለቃው የሚያቀርበው?

የሺሀረግ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ከበረንዳው የዘይቱ ጩኸት ይሰማል፤ ዑምኩልሱም አሳ እየገለበጠች፣ በአፏ የሆነ ዜማ ታንጎራጉራለች። ሰይጣን ሩቅ አይቀመጥም፤ ያን ጊዜ ከዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወርዶ ጆሮዋ ሥር ተቀመጠ።

— ማርዬ... ማርዬ፣ ስሚኝ። እኔ ነኝ ብለውስ? ዑምኩልሱም እባላለሁ፣ ወርቁ የእኔ ነው፣ ልጅቷን ፈቅጄ ነው ብለውስ? በስልክ መልክ አይታይ። ማን ያውቃል? ... ማርዬ?

ማርያማዊት የመለሰችው ብዙ አይደለም።

— ልክ ነሽ... ልክ ነሽ ልጄ። ስሟንም ልውሰድባት እንዴ? አፈር ልብላ። እንዳልሰማሽኝ ሁኚ።

ጓሮው መሃል ቆማ፣ በዱቄት እጇ አፏን ያዘች። ዶሮ ቤቱ ሥር ያ የቆፈረችው ቦታ አሁንም ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ያን ሌሊት ስትቆፍር አፈሙዝ አልፈራችም ነበር፤ ዛሬ የፈራችው የአንድ ወዳጇን ዓይን ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው አለች በልቧ፣ ሰው ስለሌላው ሲተርት ስትሰማ ትስቅ የነበረችው ሴት።

— አንዴ ቆዪኝ። እንዳትዘጊው። ልግባ።

ስትገባ ዑምኩልሱም አሳውን በሰሐን አድርጋ፣ ሎሚ ቆርጣ፣ ቦታዋ ተመልሳ ጠብቃታለች። የሰው ቤት አይመስላትም፤ ሎሚው የት እንዳለ ታውቃለች። ብይ እንጂ በረደ ብላ ትንሿን ጠረጴዛ ገፋ አደረገችላት። የሺሀረግ አልተቀመጠችም። ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች፤ ፎቶው ላይ ካሉት ሁለት ሴቶች በላይ፣ እርሻ ቢሮ የሰጠው የቀን መቁጠሪያ ላይ። ስልኩን አፏ ድረስ አስጠግታ እንደ ገበያ ሰው ጮክ አለች።

— ማርያማዊት፣ አሁን የምልሽን ለሰውዬው እንዳለ ንገሪው። ወርቁ የእኔ አይደለም በዪው። ያንቺም አይደለም። የእትዬ ዑምኩልሱም ነው። አደራ ነው። እናቴ ሳታስፈቅድ ከመሀረቡ ፈታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ በዪው... ዝም ብለሽ ስሚኝ፣ አልጨረስኩም። አታስመዝግቢ ያለችኝም እሷው ናት በዪው። ባለቤቷ ሳታውቅ ነው ባሕር የተሻገረው በዪው። ... አዎ። እዚህ ናት። እየሰማችኝ ነው።

የዑምኩልሱም እጅ ሰሐኑ ላይ ቀረ። ፊቷ አልተለወጠም፤ ጣቷን ብቻ በሻሿ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረገች። የሺሀረግ ያቺን ጠባይ ታውቃታለች። ባሏ የሞተ ዕለትም እንዲሁ ነው ያደረገችው።

— አፉ በይኝ ዑምዬ። ጉምሩክ ይዞታል። ያለ አንቺ ቃል አይወጣም።

በስልኩ ውስጥ ድምፁ ተለወጠ፤ ሰውዬው ራሱ ነው።

— ሄሎ... እንዴት ዋሉ ጌታዬ። አዎ፣ እናቷ ነኝ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው... አዎ፣ ባለቤቷ አለች፣ ከፊቴ ናት... ስልኩን ልስጣት? ዑምዬ፣ እንኪ፣ አናግሪው።

ዑምኩልሱም ራሷን ነቀነቀች። ስልኩን አልተቀበለችም።

— ጌታዬ፣ ትንሽ... ትንሽ ደንግጣለች። ምን ልበላት? ... እሺ። እሺ፣ እኔው እጠይቃታለሁ።

እዚህ ላይ የሺሀረግ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገች።

— ዑምዬ... ሰውዬው ይጠይቅሻል። ልጅቷ ወርቁን አድርጋ እንድትሄድ ፈቅደሻል ወይ ይልሻል።

ይህቺ ጥያቄ ናት እንግዲህ። ውጫሌ ሩቅ አይደለም፤ ያን ሰሞን ሚኒባስ ተሳፍራ ሄዳ፣ ዑምዬ፣ ልጄ ዱባይ ልትሄድ ነውና ወርቅሽን ታድርገው ወይ ብትል ያለቀ የደቀቀ ነገር ነበር። አፈረች። የለኝም ማለትን አፈረች። አሁን የጉምሩክ ሰው ከቦሌ ሆኖ በአፏ አስጠየቃት።

ዑምኩልሱም ቀና ብላ ፎቶውን አየች። ሙሽራ ሆና የቆመችውን ራሷን ሳይሆን፣ አጠገቧ የምትስቀዋን ልጅ ነው ያየችው። ከዚያ በዝቅታ መናገር ጀመረች። የሺሀረግ ደግሞ ቃሉን ከአፏ እየተቀበለች ወደ ስልኩ ታቀብላለች።

— ሄሎ፣ ጌታዬ... «ያን ጊዜ የጠየቀኝ የለም» ትላለች... አዎ። «ፈቅጄ ነበር ብዬ በአላህ ስም አልዋሽም» ትላለች... አይ፣ ይጠብቁ፣ አይዝጉት፣ አልጨረሰችም... «አሁን ግን ተጠይቄያለሁ» ትላለች። «አሁን ፈቅጃለሁ።»

ዑምኩልሱም ያን ጊዜ ነው ስልኩን ከየሺሀረግ እጅ የወሰደችው። ስሟን ከነአባቷ ስም ነገረችው። ወርቁ የእናቷ እንደነበር፣ ውጫሌ እንደምትነግድ ነገረችው። የእኔ መሆኑን ከተጠራጠርክ አለችው፣ አምባሩን ገልብጠህ ተመልከት፤ ከውስጥ በኩል የጥርስ ምልክት አለው። ልጄ ራህመት ጥርስ ስታበቅል ነክሳው ነው፤ እሁድ የምታገባዋ እሷ ናት። ሰውዬው ሄዶ እስኪመለስ ሁለቱም ሳይተያዩ ጠበቁ። አሳው በረደ። ሰውዬው ሲመለስ ምን እንዳላት አልተሰማም፤ ዑምኩልሱም ግን አላህ ይስጥህ አለችውና ስልኩን ለየሺሀረግ መለሰችላት።

— ሄሎ፣ ማርዬ? ... አገኘው? የራህመትን ጥርስ? ... አለቃው ፈረመ? ተመስገን። እሰይ... ሌላ ጊዜ አስመዝግቢ አለሽ? አዎ፣ ልክ ነው፣ ሌላ ጊዜማ... ቆዪ፣ እጠይቃታለሁ። ዑምዬ፣ ወርቁን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ታምጣው ወይ ትላለች።

የዑምኩልሱም መልስ ረጅም አልነበረም።

— «አንገቷ ላይ አድርጋው ትምጣ» አለች... አዎ፣ እንደዚያ ነው ያለችው። «ብትጠይቂኝ እኔው በእጄ አስርላት ነበር» አለች። ... እኔን ነው። እኔን ነው ያለችኝ።

ዑምኩልሱም ሰሐኑን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ጉርሻ አሳ ቆርሳ፣ ሎሚ አስነክታ በላች። ሳትቀምሺ ከወጣሽ እቀየምሻለሁ ተብላ የለ፤ ቀመሰች። አላህ ይስጥሽ ብላ እጇን ታጠበች። ከዚያ መሀረቡን ጠየቀች። የሺሀረግ ከሳጥኑ ሥር ባዶውን ቀይ መሀረብ አውጥታ ሰጠቻት። ዑምኩልሱም አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው፤ ቀስ ብላም አንድ ነገር ተናግራ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ወደ መናኸሪያው ወጣች። ስትወጣ እንደ ወትሮዋ ጉንጯን ስማታለች። ሁለቱንም ጉንጭ።

— አለሁ ማርዬ... ሄደች። አሁን ወጣች... አልተቆጣችም። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር... ስሚ ልጄ፣ ነገ መኪናው ሐይቅ ሲደርስ እንዳትወርጂ። ቀጥ ብለሽ ውጫሌ፣ እሷ ቤት። «ወርቁ እዚህ ቤት ሳይገባ እኔ ጋ ይምጣ» ብላለች... አዎ፣ ቤትሽ ሳትገቢ። በደጃችን አልፈሽ ሂጂ... እኔማ መንገድ ዳር ወጥቼ እቆማለሁ። በመስኮቱ በኩል ተቀመጪ። ነጠላሽን ከአንገትሽ ላይ ገለጥ አድርጊልኝ፣ እንዴት እንዳማረብሽ ልየው... በይ ቻው። ቻው ልጄ። አንቺ ዝጊው፣ እኔ እጄ በዱቄት ነው።